የሰማያዊው እርሾ

«ቀስ! ቀስ በል እንጂ አንተ ሰው! ድንጋይ የጫንክ መሰለህ?»

ጋሪው ቁልቁለቱን እየተንገጫገጨ ሲወርድ አማትየዋ እንዲህ ብለው ሲጮኹ ይህ መቶኛው ሳይሆን አይቀርም። የተጮኸበት የገዛ ልጃቸው ከሁለቱ በቅሎዎች ፊት ልጓም ይዞ፣ ተረከዙን ጭቃው ውስጥ ተክሎ እየገታቸው ነበር።

«እማዬ፣ ስድቡን ለኔ ብቻ አድርጊው» አለ ዞር ሳይል። «በቅሎዎቹ አልለመዱትም፤ ይደነብራሉ።»

ጋሪው ላይ፣ በጭድና በብርድ ልብስ ታጭቆ፣ አፉ በቆዳ የታሰረ ትልቅ ጋን ተቀምጧል። ምራትየዋ ጋኑን በሁለት ክንዷ አቅፋ፣ ጉንጯን ሆዱ ላይ ለጥፋ፣ ጋሪው በነጠረ ቁጥር አብራ ትነጥራለች። ጎኗ ከጋሪው እንጨት ጋር ሲላተም ውሎ በልዟል፤ ጋኑን ግን ምንም አልነካውም። ጎን ይድናል፤ ጋን አንዴ ከተሰነጠቀ ግን አበቃለት።

ለማያውቅ ሰው ጋኑ ውስጥ ያለው የገማ ውሃ ነው። መንገደኛው ሁሉ ሲያልፋቸው አፍንጫውን ይይዛል፤ አንዱማ «ሬሳ ነው እንዴ የጫናችሁት?» ብሎ ጠይቆ ከአማትየዋ የሰማውን መልስ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ለሚያውቅ ሰው ግን ጋኑ ውስጥ ያለችው የሰማያዊ ቀለም እርሾ ናት፤ ሕይወት ያላት ነገር ናት። ቀለም የሚሰጠው ቅጠል ተዘፍዝፎባት፣ ፉርሽካ እየበላች፣ እንዳትኮመጥጥ የአመድ ውሃ እየጠጣች፣ ሙቀቷ እየተጠበቀ ትኖራለች። ያቦካቻት የአማትየዋ ቅድመ አያት ናት። ከዚያ ወዲህ ጋኑ ሦስት ጊዜ ተለውጧል፣ ባለቤቶቿም በየተራ አልፈዋል፤ እሷ ግን አንድም ቀን ሳትበላ አላደረችም። በዚያ ቤት ለቅሶ እንኳ የሚኬደው እርሾዋ ከተመገበች በኋላ ነበር።

ታዲያ ይህችን የመሰለች እመቤት ጋሪ ላይ ጭኖ ማንገላታት ለምን አስፈለገ? ነገሩን ከሥሩ ማንሳት ይሻላል።

በዚያ ዘመን ሽመናው ተለውጦ ነበር። ድሮ ሸማኔ መወርወሪያውን በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው መቀበል ስላለበት፣ ጨርቁ ከክንዱ ርዝመት ሊሰፋ አይችልም። በኋላ ግን መወርወሪያዋ በገመድ እየተሳበች ወዲያና ወዲህ የምትበርበት አዲስ ዕቃ መጣ። አንድ ሰው ለብቻው የሁለት ሰው ስፋት ያለው ጨርቅ ይሠራ ጀመር፤ ጣቃ በጣቃ ላይ ተከመረ። ቀለም ነካሪው ግን ያው ከጋኑ ጋር ነው። ያን ሁሉ ጨርቅ በምን ይንከረው?

በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። ወታደሩ ያኔ የሚዘምተው እናቱ የሰፋችለትን ለብሶ ነበር፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ የአባቱን ካፖርት። አቧራው ሲነሣ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ጠፍቶ፣ ወንድም ወንድሙን ተኩሶ ጣለ። ከዚያ በኋላ አገረ ገዥው «ሠራዊቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ይልበስ» ብለው አዘዙ። በዋናው ከተማ ከወንዙ ዳር ትልቅ የማቅለሚያ ቤት ተሠራ፤ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተለበጡ አሥራ ሁለት ጉድጓዶች፣ በሥራቸው ሙቅ ውሃ የሚያዞሩ የመዳብ ቧንቧዎች፣ ከግማሽ ቀን መንገድ የሚታይ ጭስ ማውጫ። ሁሉ ነገር ተሟልቶ እርሾ ጠፋ። ቧንቧ በትእዛዝ ይሠራል፤ እርሾ በትእዛዝ አይቦካም። አዲስ ልጀምር ያለ ሰው አንድ ክረምት ሙሉ ለፍቶ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ግማት ብቻ ነው።

ስለዚህ ከአራት ከተማ አራት ቀለም ነካሪዎች ተጠሩ። ሕያው እርሾ ይዞ የመጣ፣ በተቀጠረው ቀን እኩለ ቀን ላይ በሠራዊቱ ልብስ ቤት ሹም ፊት ሰማያዊ ያወጣ፣ የማቅለሚያ ቤቱ ባለጋን ተብሎ መዝገብ ይገባል። ካልሆነ ሥራው ለአንድ የዱቄት ቀለም ነጋዴ ይሰጣል፤ ቀለሙ እስከ መጀመሪያው ዝናብ ጨርቁ ላይ፣ ከዚያ በኋላ ወታደሩ ገላ ላይ ለሚገኝ ነጋዴ!

አማትየዋ መልእክቱን ሲሰሙ አንድ ቀንም አላመነቱ። የቤታቸውን ጅረት ቆዳ ፋቂዎች ከላይ አበላሽተውት፣ ቤቱ ራሱ ለቆዳ ፋቂ ተሽጦ ነበር። የሚመለሱበት አልነበራቸውም። ያላቸው ነገር ሁሉ ያ ጋን ነው።

አሁን ስለ ምራትየዋ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እርሾዋን ስትመግብ፣ ስታሞቅ፣ ስታማስል ኖራለች፤ እጇ ግን አንድም ቀን ጋኑ ውስጥ አልገባም። የቤቱ ሕግ ነው፤ ከዘሩ ያልተወለደ እጅ አይገባባትም። እርሾዋ ከእናት ወደ ልጅ ስትተላለፍ መጥታ አማትየዋ ላይ ስትደርስ የተወለደላቸው አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ሆነ፤ እሱ ደግሞ ገና ከልጅነቱ ሽታውን ሸሽቶ በቅሎዎች ጋ የሄደ ሰው ነው። «የበቅሎ ፋንድያ ይሻለኛል» ብሎ እናቱን አስለቅሷል። ስለዚህ ሥራውን ሁሉ ምራትየዋ ትሠራለች፣ በእንጨት ግን፤ ጨርቁን በእንጨት ትነክራለች፣ በእንጨት ታወጣለች። የነካሪ እጅ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ነው። የእሷ ግን ገና ሙሽራ ሆና የመጣችበት እጅ ነው። ገበያ ስትወርድ ሰው እጇን አይቶ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲላት የምትመልሰው ይጠፋት ነበር፤ ያንገበግባታል። ለአማቷ ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

አማትየዋማ በአገሩ ሁሉ «ባለአፍንጫዋ» ተብለው የሚጠሩ ሴት ናቸው። ጋን ላይ አንዴ ጎንበስ ብለው «ይቺ ነገ ትኮመጥጣለች» ካሉ ትኮመጥጣለች።

በጉዞው ሁለተኛ ቀን ከሰዓት ወንዝ ሲሻገሩ ዝናብ ያዛቸው። ብርድ ልብሱ ራሰ፣ ጭዱ ራሰ። ማዶ ደርሰው ከመንገድ ዳር ባለ ባዶ መጠለያ ሥር ሲገቡ አማትየዋ እንደ ልማዳቸው አገጫቸውን ወደ ጋኑ ወረወር አደረጉ።

«ምን ትላለች?»

ይህ ጥያቄ ካለፈው ክረምት ወዲህ የመጣ ነው። ድሮ ጠይቀዋት አያውቁም። ምራትየዋ ያኔ ልቧ በደስታ ዘሎ ነበር፤ እየፈተኑኝ ነው፣ ከፈተኑኝ ደግሞ አንድ ቀን እጅሽን ክተቺ ይሉኛል ብላ። ስለዚህ ሁልጊዜ የምትመልሰው ተጠንቅቃ ነው። አፍንጫዋ የነገራትን ከመናገሯ በፊት የአማቷን ፊት ታያለች፤ ትልልቅ ሰው ፊት ዐዋቂ መሆን ነውር ነው።

ያን ቀን ቆዳውን ገለጥ አድርጋ አሸተተች። ሽታው ላላ ብሏል፤ ያ ጣፈጥ የሚል ግማቱ ቀንሷል። በርዷታል። ቀና ብላ አማቷን አየች። ፊታቸው ረጋ ያለ ነው። እሳቸው ካልደነገጡ እኔ ማን ነኝ አለች በልቧ።

«ደህና ናት፣ እማማ።»

«እሰይ» አሉ አማትየዋ፤ እንደ ደንቡም የማታ ድርሻዋን የአመድ ውሃ በጭልፋ ቀድተው ሰጧት። የበረደው ሆድ ላይ።

በማግስቱ ጠዋት ቆዳው ሲገለጥ የእርሾዋ ፊት ጠፍቷል። ጤነኛ እርሾ ከላይዋ እንደ መዳብ የሚያብረቀርቅ ስስ ቆዳ ታበጃለች፣ መሐሏ ላይ ሰማያዊ አረፋ ትይዛለች፤ ከሥር ያለው ውሃዋ ደግሞ ቢጫ ነው። አሁን አረፋው የለም፤ መዳቡ ደብዝዟል፤ ውሃው ራሱ ወደ ሰማያዊ አድልቷል። ሰማያዊ መሆን ያለበት ጨርቁ ነው፤ ውሃው ሰማያዊ ከሆነ እርሾ ልትሞት ነው።

ምራትየዋ ክው አለች።

«ኮመጠጠች!» አሉ አማትየዋ አይተው። «ያ ዝናብ ነው። ቶሎ በይ፣ የአመድ ውሃ! አንዲት አይደለም፣ ሁለት ጭልፋ!»

ጋኑን ለማሞቅ እሳት ተቀጣጥሎ፣ ድንጋዮች እየጋሉ ነበር። አማትየዋ ከድንጋዮቹ አጠገብ ተቀምጠው ጭልፋውን አነሡ። ምራትየዋ ጎንበስ ብላ አሸተተች። መኮምጠጥ የለም፤ ጨርሶ። ይልቅ አፍንጫ የሚወጋ የአመድ ሽታ ነው። በእንጨቱ ጫፍ ነክታ ምላሷ ላይ ጠብ አደረገች፤ አቃጠላት። ሁለት ጭልፋ የአመድ ውሃ ይህች ላይ? መግደል ነው!

«እማማ… እንደኔ እንደኔ…»

«ምን እንደኔ እንደኔ ትይኛለሽ! የአመድ ውሃውን አቀብይኝ እንጂ!»

በዚህ መሐል ባሏ ሃያ እርምጃ ርቆ ከበቅሎዎቹ ዘንድ ጮኸ። «ምንድን ነው የሚቃጠለው? ሱፍ ነው! አምላኬ፣ ምን ዓይነት ሽታ ነው!»

ምራትየዋም ሸተታት። ዞር ስትል የአማቷ የሱፍ ሻል ጫፍ የጋለው ድንጋይ ላይ ወድቆ ይጨሳል፤ ጭሱ ሽቅብ በብብታቸው ሥር ወጥቶ ፊታቸው ላይ ይጠመዘዛል። እሳቸው ግን ስለ አመድ ውሃ እያወሩ ነው! የተቃጠለ ሱፍ ማለት እኮ የሞተን የሚቀሰቅስ ሽታ ነው። ዘላ ሻሉን ነጠቀቻቸው፤ በእግሯ ረገጠችው።

«ምን ሆንሽ?»

«እየተቃጠሉ እኮ ነው፣ እማማ!»

አማትየዋ የተጠቀለለውን ጥቁር ጫፍ አዩት። ከዚያ ምራታቸውን አዩ። ባሏ እየሮጠ መጥቶ «እማዬ፣ እንዴት አልሸተተ—» ሲል ሚስቱ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። ሰውየው በዕድሜው አንድ ብልህ ሥራ ሠርቷል ከተባለ ያን ጊዜ ነው፤ አፉን ዘግቶ ባልዲ አንሥቶ ውሃ ሊቀዳ ሄደ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ምራትየዋ ቀስ ብላ።

«ምኑ?»

«እማማ…»

አማትየዋ ጭልፋውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ከትኩሳቱ» አሉ በመጨረሻ። «ክረምት ከተኛሁበት እኔ ስነሣ አፍንጫዬ አልተነሣም። ምላሴም አብሮት ሄደ። ነገ ይመለሳል፣ ከነገ ወዲያ ይመለሳል ስል ስምንት ወር ሆነኝ። ባለአፍንጫዋ አፍንጫዋ ሞተ ብዬ ለማን ልንገር?»

«ታዲያ በየቀኑ ‹ምን ትላለች› እያሉ የሚጠይቁኝ…»

«እና ማንን ልጠይቅ? የሚያሸት አፍንጫ ያለው አንቺ ላይ ነዋ!»

«እኔ እኮ የሚፈትኑኝ መስሎኝ ነው!»

«ልፈትንሽ? ዘጠኝ ዓመት ያልፈተንኩሽን?» አሉና ድንገት ዓይናቸው ፈጠጠ። «ቆይ፣ ቆይ። ትላንት ‹ደህና ናት› ያልሽኝስ?»

ምራትየዋ አንገቷን ደፋች። «እንደበረዳት ዐውቄ ነበር። እርስዎ ፊትዎ ሲረጋ… ከእርስዎ በላይ ላውቅ ነው ወይ ብዬ…»

ሁለቱም እኩል ዞረው ጋኑን አዩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የዚህ ቤት ዝምታ ግን ነቅዞ እርሾዋ ድረስ ደርሶ ነበር። አንዷ እንዳታፍር፣ አንዷ እንዳትዳፈር፣ ሁለቱ ተከባብረው ተከባብረው የአራት ትውልድ ሀብት ሊገድሉ ጥቂት ነው የቀራቸው።

አማትየዋ ድንገት ሳቁ፤ ሳቁ አልቆ እንባ ሆነ፤ እንባቸውን በዚያው በተቃጠለው ሻል ጠረጉት። «ወይ ጉድ! ወይ እኛ ሁለት ጅሎች!» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ጠበቅ አለ። «ስሚኝ። ስምንት ወር በማን አፍንጫ የኖረች መሰለሽ? በእኔ? እኔ በድን ነኝ፤ ያኖርሻት አንቺ ነሽ። አሁን የኔን ፊት ተይውና ጋኑን እዪ። ልሰማው የምፈልገውን አይደለም፤ ያለውን ንገሪኝ። ምን ትላለች?»

ምራትየዋ ጎንበስ አለች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የማንንም ፊት ሳታይ አሸተተች።

«አልኮመጠጠችም። በርዷታል፣ ርቧታል፣ አመዱ በዝቶባታል። የአመድ ውሃ አንድ ጠብታ እንኳ መጨመር የለባትም። ሙቀትና ፉርሽካ ነው የምትፈልገው። እና ዕረፍት።»

አማትየዋ የያዙትን ጭልፋ ወደ ውጭ ወረወሩት።

ባልዲውን ይዞ የተመለሰው ባሏ ዕረፍት የሚለውን ሲሰማ ጮኸ። «የምን ዕረፍት! ቀጠሮው እኮ ነገ እኩለ ቀን ነው! ገና የግማሽ ቀን መንገድ ይቀረናል፤ ጭቃው ደግሞ—»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች ሚስቱ። «ሞታ በጊዜ ከምትደርስ ድና ብትዘገይ ይሻላል። እስክትድን ከዚህ ንቅንቅ አንልም።»

እሱ እንደ ልማዱ እናቱን አየ።

«እኔን ምን ታየኛለህ?» አሉት። «የተባልከውን አድርግ።»

ያን ቀን ሦስቱም እንደ አራስ ጠያቂ ጋኑ ዙሪያ ዋሉ። ድንጋይ ይግላል፣ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ጭዱ ውስጥ ይቀበራል፤ የበረደው ይወጣል፣ የጋለው ይገባል። ባሏ ካፖርቱንና የበቅሎዎቹን ግላስ ለጋኑ አልብሶ ራሱ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። «በዚህ ቤት ጋን መሆን ነበረብኝ» እያለ ያጉረመርማል። ምራትየዋ ፉርሽካውን በለብታ ውሃ ለውሳ በእፍኝ በእፍኝ ሰጠቻት፤ አየር እንዳይገባት ከሥር ከሥር፣ ቀስ አድርጋ አማሰለች። ሙቀቷን ለማወቅ ክርኗን ጋኑ ላይ ታስጠጋለች። እኩለ ቀን ሆነ፤ ምንም የለም። ጥላው ዞረ፤ ምንም የለም። ልቧ ፈራ፤ ግን አልተነቃነቀችም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንዲት አረፋ ቡልቅ አለች። ቆየችና ሌላዋ። ከዚያ የመዳብ ቀለም ያለው ቆዳ ከዳር ጀምሮ ይሰበሰብ ጀመር። ሽታውም መጣ! ያ የሚያስጠላው፣ መንገደኛ የሚያባርረው፣ የተባረከው ግማት መጣ!

«መጣች?» አሉ አማትየዋ ከኋላዋ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆኗል። «ንገሪኝ እስቲ፣ ምን ምን ትላለች? ናፍቆኛል።»

«እርጥብ በግ፣ እርጥብ በግ ትላለች፣ እማማ። ከሥሩ ደግሞ ማር።»

«አዎ» አሉ አማትየዋ ዓይናቸውን ጨፍነው። «አዎ፣ እሷ ናት።»

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ተነሥተው፣ በቅሎዎቹም ስድብ ለምደው፣ ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ ስትል የማቅለሚያ ቤቱ በር ደረሱ።

አዳራሹ ገና የተጠረበ ድንጋይ ይሸታል። አሥራ ሁለቱ ጉድጓዶች ባዷቸውን አፋቸውን ከፍተዋል። የልብስ ቤቱ ሹም ከፍ ያለ ወንበር ላይ፣ ቧንቧዎቹን የዘረጋው መሐንዲስ ከጎናቸው፣ የዱቄት ቀለም ነጋዴው የገዛ በርሜሉ ላይ ተቀምጠዋል። በግድግዳው ጥግ እርሿቸው የሞተባቸው የከተማው ነካሪዎች ከአለቃቸው ጋር ቆመዋል፤ አለቃው ሽማግሌ ናቸው፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሰማያዊ። ከተጠሩት አራት ጋኖች አንዱ መንገድ ላይ ተሰንጥቋል፣ ሁለቱ ኮምጥጠዋል። የቀረው ይህ ብቻ ነው። ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ ፈገግታው ጆሮው ሥር ደርሷል።

ጋኑ ወርዶ መሐል ተቀመጠ። በነካሪዎች ደንብ ሰላምታ የሚሰጠው እጅጌ ሰብስቦ ነው፤ አማትየዋ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ አለቃውም ሰበሰቡ፤ ሁለት ሰማያዊ ክንዶች ተያዩ። የአለቃው ዓይን ወደ ምራትየዋ እጅ ሄዶ ተመለሰ። እሷም እጇን ከጀርባዋ ደበቀች።

መሐንዲሱ ቀጭን የሙቀት መለኪያ ብርጭቆውን ነክሮ አወጣ። «ትንሽ ይቀራታል» አለ።

ምራትየዋ ክርኗን አስጠጋች። «ልክ ነው፤ ትንሽ ይቀራታል» አለች። መሐንዲሱ ደንገጥ ብሎ ክርኗንና ብርጭቆውን አስተያየ።

«እንግዲህ፣ እሜቴ» አሉ አለቃው በአክብሮት። «ዝናዎን የማያውቅ የለም። እንደ ደንቡ ጋንዎን አሽትተው ያንብቡልን። ያነበበ እሱ ባለጋን ነው፤ መዝገብ የሚገባውም እሱ ነው።»

አማትየዋ ወደ ጋኑ ሄዱ። ምራትየዋ ቆዳውን ለመግለጥ መስላ ጎንበስ አለችና ጆሯቸው ሥር «ድናለች፣ ትንሽ ርቧታል ይበሉ» አለቻቸው። ከልቧ ነው። ባለጋንነቱም ዝናውም ለእሳቸው ይሁን፤ የእኚህን ሴት ውርደት ከማየት በእንጨት እየሠራች ብትሞት ትመርጥ ነበር።

አማትየዋ ጋኑ ላይ ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ይህች ልጅ አሁን ጆሮዬ ሥር ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ?» አሉ ጮክ ብለው። «የምለውን ነገረችኝ። ለእኔ ስትል ልታታልላችሁ ነው። እኔ ግን የተውሶ አፍንጫ ይዤ መዝገብ አልገባም። ባለአፍንጫዋ ያላችኋት ሴትዮ አፍንጫዋ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። የተቃጠለ ሱፍ አይሸታትም!»

አዳራሹ ተንጫጫ። ነጋዴው ከበርሜሉ ላይ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። «አፍንጫ የሌላት ባለአፍንጫ!»

«አፍንጫህን ላስ!» አሉት። «ያንተ ቀለም አፍንጫ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ጃንጥላ ነው!»

ሹሙ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። አማትየዋ ወደ አለቃው ዞሩ። «ስምንት ወር ያነበበቻት እሷ ናት። ትላንት ስትሞት እኔ ልገላት ነበር፣ የመለሰቻት እሷ ናት። ባለጋን እሷን ጻፉ።»

አለቃው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሜቴ፣ ቃልዎን አምናለሁ። ነገር ግን እጇን ይመልከቱት። ቀለም ያልነካው እጅ ባለጋን ነው ብዬ እንዴት አስጽፋለሁ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ አማትየዋ። «ከዘሬ አልተወለደችም ብዬ ዘጠኝ ዓመት በእንጨት አሠራኋት። እርሾዋ ግን ዘር ቆጥራ አታውቅም፤ ላወቃት ሰው ትገዛለች።» ከዚያ ዞሩ። «ልጄ፣ እጅጌሽን ሰብስቢ። ክተቺው።»

ምራትየዋ ቆመች። ባሏ ከበሩ ላይ «በይ እንጂ!» ሲል ሰማችው። እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበች፤ ለፈተናው የቀረበውን ነጭ የሱፍ ጨርቅ ያዘች፤ ሁለት እጇን እስከ ክርኗ ከተተች።

ሙቀቷ የሰው ገላ ሙቀት ነው። ዘጠኝ ዓመት የምታውቃትን ነገር ነው አሁን ገና የነካቻት። ጨርቁን ከውሃው ሥር ቀስ አድርጋ እያገላበጠች አጠጣችው። እንባዋ ሊመጣ ሲል ጥርሷን ነከሰች። የበቃ ሲመስላት ጨርቁንም ክንዷንም አወጣች።

ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ ነው። ጨርቁም፣ ክንዷም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ሹሙ ከወንበራቸው ተነሥተው። «ሰማያዊ ነው ያልኩት! ጦሬን ሣር ልታስመስሉት ነው?»

ነካሪዎቹ ሁሉ ሳቁ፤ ሽማግሌው አለቃ ጭምር። «ትንሽ ይተንፍስ፣ ጌታዬ» አሉ። «አየር ያግኘው።»

ማንም አልተነፈሰም፣ ከጨርቁ በቀር። መጀመሪያ ጠርዙ ጠቆር አለ። ከዚያ አረንጓዴው እንደ ደመና እየተገፈፈ፣ ሰማያዊው ከውስጥ እየወጣ፣ በሁሉም ዓይን ፊት ጨርቁን ወረሰው። በክንዷም ላይ እንዲሁ፤ ከጣቷ ጀምሮ፣ በመዳፏ፣ በአንጓዋ፣ እስከ ክርኗ ወጣ። ሹሙ አንድ ባልዲ ውሃ አስመጥተው ጨርቁን ራሳቸው አጠቡት። ውሃው ትንሽ ደፈረሰ፤ ሁለተኛው ባልዲ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ነጋዴው ከበርሜሉ ላይ ወረደ።

አለቃው ለጸሐፊው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ብዕሩ ሲጭር ተሰማ። ከዚያ ምራትየዋ ፊት ቆመው እጅጌያቸውን ሰበሰቡላት። ከኋላቸው ነካሪዎቹ ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ ሰበሰቡ። አማትየዋ አፍንጫቸውን ነፍተው ቆመዋል፤ የሞተ አፍንጫ ያን ያህል ሲኮራ ታይቶ አይታወቅም።

ሹሙ ቀረብ ብለው ክንዷን አዩት። ደግ ሰው ናቸው፤ አዘኑላት።

«እጅሽስ፣ እመቤት? ይሄ በስንት ቀን ይለቃል?»

ምራትየዋ ሁለት ክንዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣቻቸው።

«አይለቅም፣ ጌታዬ» አለች። «ነገም እጄ ይገባባታል።»